አሚን ያልተባለበት ካሴት

ሄርማታ ያለችውን ሱቄን ባለፈው ክረምት ዘጋኋት። ሥራ ጠፍቶ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ሬዲዮና ቴፕ የሚያሠራ ሰው ከጠፋማ ዘመን ሆነው። እምቢ ያለኝ ጆሮዬ ነው። በጆሮው እንጀራ ሲበላ የኖረ ሰው ጆሮው ሲሄድ ምን ይቀረዋል? የሰፈር ልጆች «እማማ ሶፊያ፣ አሁንስ ይረፉ» አሉኝ። አረፍኩ እንበል።

ይህን እንድጽፍ ያስነሳኝ የጎረቤቴ ልጅ ኒካህ ነው። ሸሁ ዱዓ ሲጀምሩ እኛ ያረጀነው መዳፋችንን ዘረጋን። ወጣቶቹ ግን እጃቸው ባዶ አልነበረም፤ ሁሉም ስልኩን ወደ ሸሁና ወደ ሙሽሮቹ ቀስሯል። ድምፁ እንዳይበላሽባቸው ትንፋሻቸውን ውጠው ይቀርጻሉ። ሸሁ መርቀው ቆም ይላሉ፤ አሚን ሲል የማየው ከሦስትና ከአራት አሮጌ ከንፈር በላይ የለም። ሳላውቀው ብድግ ብዬ «አስቀምጡት! አስቀምጡትና አሚን በሉ!» ብዬ ጮህኩ። ሙሽራዋ ደነገጠች። አንዷ ልጅ ወደ ጓደኛዋ ዞር ብላ «ስለማትሰማ እኮ ነው የምትጮኸው» ስትል ከከንፈሯ ላይ አነበብኩት።

ስለማልሰማ አይደለም የጮህኩት። ስለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ፊደል የቆጠርኩት ትልቅ ሰው ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ የቀረውን የተማርኩት የሬዲዮ ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ ሁሉ እያነበብኩ ነው። ስለዚህ ከጽሑፌ ብዙ አትጠብቁ። በወሬ ግን አልታማም።

ወደ ሥራው የገባሁት ከቡና መጋዘን ነው። ደርግ ከመጣ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ቢሆነው ነው። ሴቶች በረድፍ ተቀምጠን ቡና እንለቅማለን፤ ጥቁሩን፣ የተበሳውን፣ የተሰበረውን እያወጣን እንጥላለን። ዓይናችን እርስ በርሳችን ላይ ነው፤ ፍሬውን የሚያውቀው ጣታችን ነው። አንድ ቀን የእናቴን ሬዲዮ በነጠላዬ ጠቅልዬ ጋሽ ተማም ዘንድ ወሰድኩ። ጋሽ ተማም ሄርማታ ገበያው አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ ቀጭን ረጅም ሰውዬ ነበሩ፤ የመነጽራቸው አንድ ጆሮ በክር የታሰረ። ሬዲዮውን ሲፈቱት ጤፍ የምታህል ብሎን ወለሉ ላይ ወደቀችባቸው። እሳቸው በባትሪ ሲፈልጉ እኔ በጣቴ ዳበስ ዳበስ አድርጌ አነሳኋት።

«አንቺ ልጅ፣ ጣትሽ ዓይን አለው እንዴ?»

«ቡና ለቃሚ ነኝ ጋሼ።»

«በይ ከነገ ጀምሮ ነይ። ቡናውን ሌላ ሰው ይልቀመው።»

ደመወዙ ከቡናው አይሻልም፤ ግን ወንበር ነበረው። እዚያች ወንበር ላይ ሆኜ የቴፕ ጭንቅላት በጥጥና በአልኮል መጥረግ፣ የተበጠሰ የካሴት ክር ጫፉን በምላጭ አጋድሞ ቆርጦ በቀጭን ፕላስተር መቀጠል፣ የላላውን በእስክሪብቶ ማጠንጠን ተማርኩ። የደከመ የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቼ የሁለትና የሦስት ዘፈን ዕድሜ እጨምርለት ነበር።

ከዚያ በሰሜን በኩል ጦርነቱ በረታ። ከከተማውም ከገጠሩም ልጆች ተመልምለው ሄዱ። እናቶቻቸው አይጽፉም፤ ቢያጽፉም የሰው እጅ ጽሑፍ ልባቸውን አያደርስላቸውም። ስለዚህ ጋሽ ተማም ደብዳቤውን በካሴት መቅዳት ጀመሩ። እናት ትናገራለች፤ ካሴቱ ፈቃድ መጥቶ በሚመለስ ወታደር እጅ ይላካል። እኔና እሳቸው ቴፑን በዘንቢል ይዘን የገበያ ቀን እየጠበቅን አጋሮ፣ የቡ፣ ሊሙ ገነት እንወርዳለን። ቡና በሚደርቅበት ወቅት ደግሞ እናቶቹን እዚያው ማስጫው ላይ፣ ቡናውን እያገላበጡ እንቀዳቸዋለን።

አሰንዳቦ ላይ አንዲት እናት ሰላምታዋን ሁሉ ከደረደረች በኋላ ዝም ብላ ቴፑን አፍጥጣ ታየዋለች።

«ምነው እናቴ፣ ጨረሱ?» አልኳት።

«መልሱን እየጠበቅኩ ነዋ! ምነው፣ ተቆጥቶኛል?»

«ኧረ እሱ ገና አልሰማም።»

«አልሰማም? ታዲያ እስካሁን ከማን ጋር ስለፈልፍ ነው የዋልኩት?»

ጋሽ ተማም ፈጠን ብለው «ከእኔ ጋር ነው እንጂ እህቴ» አሏት። ሴትዮዋ ሳቀችና ልክ ለልጇ እንደምትናገር ወደ እሳቸው ዞራ ቀጠለች።

የጋሽ ተማም አሠራር እንዲህ ነበር። አንድ ቤት ሲገቡ ቴፑን ኮታቸው ሥር ይሸሽጉታል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው፣ ስለ ልጁ የሕፃንነት ጥፋት ያወራሉ። የሰውየው ትከሻ ሲላላ ብቻ ቴፑን አውጥተው ቀይዋን ቁልፍ ከማጫወቻው ጋር አንድ ላይ ይጫናሉ። ከዚያ ወዲያ አያዩትም። በቴፑ ፊት በኩል የድምፅ መጠን የምትለካ ቀጭን መርፌ በመስኮቷ ውስጥ ትንቀጠቀጣለች፤ ጋሽ ተማም ያንን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረውት ዓይናቸውን የተናጋሪው ዓይን ላይ ይተክላሉ። አጋሮ ላይ አንድ ሽማግሌ እየተናገሩ ካሴቱ አለቀ። ላስቆማቸው እጄን ሳነሳ ጋሽ ተማም ክንዴን ያዙኝ። ሽማግሌው እስኪጨርሱ ሰማናቸው። ከወጣን በኋላ ባጉረመርም «ያለቀው ክሩ ነው፤ ሰውዬው አላለቁም» አሉኝ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን አሚናቸው ነበር። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በእኛ ዘንድ መራቂ አንድ ነገር ተናግሮ ቆም ይላል፤ ሰሚው መዳፉን ዘርግቶ አሚን ሲል ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ጋሽ ተማም ያንን አሚን ቴፑ እየሄደ በሙሉ ጉሮሯቸው ይሉታል። ሲሳቅ ይስቃሉ፣ ሲለቀስ ንፍጣቸውን ይናፈጣሉ። ካሴቱን ስትከፍቱት እናትየዋ በአንድ በኩል፣ ጋሽ ተማም በሌላ በኩል ናቸው።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ድምፅ እኮ የእናትየዋን ይሸፍነዋል» እላቸዋለሁ።

«ሴትዮዋ ለልጇ ስትመርቅ እኔ እንደ ድንጋይ ልቀመጥላት?»

«ጥራቱ ይበላሻላ!»

«ሶፊያ፣» ይሉኛል መነጽራቸውን እየጠረጉ፣ «አሚን የሚላት ካጣች የምትቀጥለው ለማን ብላ ነው?»

እኔ በሆዴ ኋላ ቀር እላቸው ነበር።

ሁለተኛው አለቃዬ የአንድ ቀበሌ ሊቀመንበር ነው። ጋሽ ተማም ታመው ሱቁ ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ቀበሌው ስብሰባውን የሚቀዳለት ሰው ፈልጎ እኔን ወሰደኝ። እዚያ ብረት የመሰለ ሥርዓት ጠበቀኝ። አንድ ጊዜ ሊቀመንበሩ መፈክር ሲያሰማ አንድ ጎልማሳ አስነጠሰ፤ ማስነጠሱ ከመፈክሩ መሐል ገብቶ ተቀዳ። ሊቀመንበሩ ቢሮው ጠርቶ «ጓዲት፣ ይህ ካሴት ወደ በላይ አካል የሚሄድ ነው። የሕዝቡ ጉንፋን አብሮ መሄድ አለበት?» ብሎ ተቆጣኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀይዋን ቁልፍ ከመጫኔ በፊት እጄን ወደ ላይ አነሳለሁ፤ አዳራሹ ጸጥ ይላል። ሰዎች «ሶፊያ እጇን ካነሳች ዝንብም አይበር» እያሉ ያፌዙብኝ ነበር። እኔ ግን፣ ምን እዋሻለሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር። የቡና ለቃሚ እጅ መቶ ሰው ዝም ሲያሰኝ!

ጋሽ ተማም አልዳኑም፤ አላህ ይዘንላቸው። ሱቁን እኔ ያዝኩት፤ የካሴቱን ደብዳቤም ቀጠልኩ። ያንን እጅ ግን ከቀበሌው ይዤው ወጥቼ ነበር። የምቀዳበት ቤት ስገባ በመጀመሪያ ሕፃን አስወጣለሁ፣ ዶሮ አባርራለሁ፣ በር እዘጋለሁ። ከዚያ እጄን አነሳለሁ። ዓይኔ ከመርፌዋ አይነቀልም፤ ድምፅ ሲወርድ መጠኑን ከፍ፣ ሲወጣ ዝቅ። ከግንባር የሚመጡ ልጆች «ያንቺ ካሴት እኮ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ ነው» ይሉኝ ነበር። በዚህ እኮራ ነበር። ዛሬ ቁጭ ብዬ ሳስበው ከእነዚያ ሁሉ እናቶች የአንዷንም ፊት አላስታውሰውም። መርፌዋን ግን አሁንም አያታለሁ።

እንግዲህ ወደ ቤቴ ልምጣ።

ታናሽ ወንድሜ ኑረዲን ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ነበር። እናቴ ወይዘሮ ዛህራ ሌላ ወንድ ልጅ የላትም። እሱ በሄደ በሦስተኛው ዓመት ሆዷ ውስጥ እብጠት ተገኘ፤ ሐኪሙ እኔን ወደ ጎን ጠርቶ «ወደ ቤቷ ውሰጃት» አለኝ። እሷ አልተነገራትም፤ ግን ገብቷታል። ከዚያ በኋላ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ኑሬን ሳልመርቀው እንዳልሞት።»

«እኔ ለምን አለሁልሽ? እቀዳልሻለሁ» አልኳት።

አንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ ያንን ዘመን ያልኖረበት አይገባውም። ያኔ ወታደር ሲሞት ወሬው መጀመሪያ ለእናቱ አይደርስም። ዘመድና ጎረቤት ይሰማና ሽማግሌ ተሰብስቦ መርዶ እስኪያረዳ ድረስ ይደበቃል። በዚህ መካከል እናትየዋ የምታየው ዝምታ ነው። ጎረቤት ቤት ስትገባ ወሬ ይቋረጣል። የልጇን ስም ስታነሳ ሰው መሬት መሬት ያያል። በእኛ ሰፈር ብቻ ሁለት እናቶች ልጃቸው መሞቱን ከመርዶው በፊት ከሰው ዝምታ ነው ያወቁት። እናቴ ሁለቱንም ቤት አልቅሳለች።

ጊዜው ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ነው። ጎረቤቶች ዛህራ ልጇን ትመርቃለች ሲባል መጡ። እናቴ ውስጥ ሸለብ አድርጓታል። እኔ ሴቶቹን በረንዳው ላይ አስቁሜ መመሪያዬን ሰጠሁ።

«ማንም ድምፅ እንዳያሰማ። አሚኑን ቴፑ ከቆመ በኋላ ትላላችሁ።»

እትዬ አስካለ የምትባል፣ ከእናቴ ጋር አብራ ያረጀች ክርስቲያን ጎረቤት ነበረችን። ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

«አሜን ሳይባል ነው የሚመረቀው? ኧረ ሶፊዬ፣ ተይ!»

«በልብሽ በይው እትዬ። ጥርት ብሎ እንዲደርሰው ብዬ ነው። ከዚህ ሌላ ድምፅዋን አያገኝም።»

«እኔንጃ... አንቺ ታውቂያለሽ» አለች። አዎ፣ እኔ ነበርኩ የማውቀው።

ገባን። እናቴን ትራስ ደግፈን አስቀመጥናት። ቴፑን ጉልበቷ አጠገብ አስቀምጬ እጄን አነሳሁ፤ ቤቱ ጸጥ አለ። ቀይዋን ቁልፍ ተጫንኩ። እናቴ መዳፏን ዘረጋች።

«ልጄ ኑረዲን፣ አላህ በሄድክበት ይጠብቅህ።»

ቆም አለች። ዝም። መርፌዋ ወርዳ ተኛች። እንዴት ያለ ጥራት ነው አልኩ።

«ጥይት ይሳትህ።»

ዝም።

«ረሃብና ጥም አይንካህ።»

አሁን ስትቆም ቆይታ ነው የቀጠለችው። ድምፅዋ አነሰ፤ መርፌዋ መሐል ድረስ መውጣት አቃታት። እኔ ምን አደረግሁ መሰላችሁ? መጠኑን ከፍ አደረግኩት።

«አግብተህ... ወልደህ... ልጆችህን አቅፈህ...»

ዝም።

«እኔ አልቅበርህ። አንተ ቅበረኝ።»

ከዚያ ረጅም ጸጥታ ሆነ። የጨረሰች መሰለኝ። ቴፑን አቁሜ «ተቀዳ! አሁን በሉ!» ስል ሴቶቹ የታፈነውን ሁሉ ባንድ ጊዜ ለቀቁት። «አሚን! አሚን! አሜን!» ያን ጊዜ ነው ዓይኔን ከመርፌዋ ያነሳሁት። የእናቴ መዳፎች ጭኗ ላይ ተገልብጠው ወድቀዋል። የምታየው እኔን አይደለም፤ የሴቶቹን ፊት አንድ በአንድ ታያለች።

«መቼ ነው የሞተው?» አለች።

«ማን እማዬ?»

«ኑሬ።»

«ኧረ አልሞተም! ወላሂ አልሞተም! እኔ ነኝ ዝም ያሰኘኋቸው፣ ለቴፑ ብዬ!»

እትዬ አስካለ ደረቷን እየመታች «ዛህሬ፣ በእመቤቴ፣ ልጁ ደህና ነው! ሶፊያ ናት አትናገሩ ያለችን!» አለች። ሁሉም ማለ። እናቴ ጭንቅላቷን ብቻ ነቀነቀች።

«ለእነዚያ ለሁለቱ እናቶችም ሲምሉላቸው ነበርኩ» አለች። «እኔም ምዬላቸዋለሁ። የሞተን ልጅ ጥይት ይሳትህ ስለው አሚን ማለት ከበዳችሁ። አውቃለሁ። አልፈርድባችሁም።»

ሮጬ ሄጄ ኑረዲን በዚያው ወር የላከውን ካሴት አመጣሁ። ከፈትኩላት። «እማዬ፣ ደህና ነኝ፣ አታስቢ» ይላል፤ ይስቃልም። እናቴ እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ ከዚያ ቴፑን በእጇ ዳበሰችው።

«ተማም የሞቱ ጊዜ ድምፃቸውን አሰማሽኝ እኮ። ሰው ቢሞት ድምፁ አይሞትም፣ ነበር ያልሽኝ።»

አዎ፣ ብያት ነበር። በሥራዬ ስኮራ ያልኩት ነው።

ከዚያ በኋላ አራት ቀን ኖረች። ከአልጋዋ አውርዱኝ ብላ እንደ ሐዘንተኛ መሬት ተቀመጠች። ሸሁ መጥተው ቢነግሯት ከንፈሯን መጥጣ «እርስዎንም አስቸገሩዎት» አለቻቸው። ከነሐሴ ዝናብ ጋር እየተነሳሁ የወታደር ቤተሰብ ያለበትን በር ሁሉ አንኳኳሁ፤ ልጁን በዓይኑ ያየ ሰው ላመጣላት። አላገኘሁም። ብትቆጣኝ ምን ነበረበት። እሷ ግን ጭንቅላቴን ጉልበቷ ላይ አስተኝታ ጸጉሬን ትደባብስልኝ ነበር። «ኢንተላ ኮ፣» ትለኝ ነበር በኦሮሚፋ፣ ልጄ ማለቷ ነው፣ «ወንድምሽን ቀብሮ ከእናት መደበቅ ከባድ ነው። በቃሽ አሁን። አልቅሽ።» አለቀስኩ። ለምን እንደማለቅስ ያወቀች መሰላት።

በአራተኛው ቀን ልጇ ዘንድ የምትሄድ መስሏት ሞተች። ልጇ በሕይወት ነበር።

ካሴቱን አልላክሁትም፤ ያን ሰሞን ወደዚያ የሚሄድ ሰውም ተቋርጦ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሱቁ ውስጥ ሬዲዮ ጠገንኩ፣ ክር ቀጠልኩ፣ ዘፈን አባዛሁ። የሰው ደብዳቤ ግን አልቀዳሁም። እናቶች ሲመጡ ማሽኑ ተበላሽቷል እላቸው ነበር። አንዳንዷ «መቼ ይሠራል?» ብላ በሚቀጥለው ገበያ ትመለሳለች። እንደገና ተበላሽቷል እላታለሁ።

ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ጦር በየመንገዱ እየለመነ ሲመጣ ኑረዲንም መጣ። በር ላይ ቆሞ ሳየው መጀመሪያ ያሰብኩት፣ ዛሬ እንኳ ብትኖር በዓይኗ ታምን ነበር የሚለውን ነው። ማረፏን ነገርነው። ልጄ ሞቷል ብላ እንዳለቀሰችለት ግን አልነገርኩትም። ሴቶቹንም አስማልኳቸው። እሱም ዘንድሮ አፈር ለብሷል፤ እንዲህ ደፍሬ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

በሦስተኛው ቀን «እማዬ መርቃኛለች አሉ። ካሴቱን አምጪልኝ» አለኝ። ደብቄ ባስቀረው በወደድኩ። ግን የእሱ ነው። አመጣሁለት።

በረንዳው ላይ ቴፑን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ከፈተው። እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ፊቱን አያለሁ። «አላህ በሄድክበት ይጠብቅህ» አለች እናቴ፤ ከዚያ ዝም። ከንፈሩ ተላቀቀና ቆየ፤ የሚቀጥለውን ድምፅ እንደሚጠብቅ ሰው። «ጥይት ይሳትህ።» ዝም። በየመሐሉ የሚሰማው የእናቴ ትንፋሽ ብቻ ነው፤ የተካንኩበት ሥራ ነውና ሌላ ምንም የለበትም። እየቀጠለ ሲሄድ ግንባሩ ተቋጠረ። ካሴቱ አልቆ ቁልፏ ራሷ እስክትነሳ አልተንቀሳቀሰም።

«ሶፊያ።»

«ወዬ።»

«እማዬ ስትመርቀኝ ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም?»

ማንም አልነበረም ብለው ይቀለው ነበር? አላውቅም። ምላሴ ላይ መጥቶም ነበር።

«ነበርን» አልኩት። «ቤቱ ሞልቶ ነበር። እትዬ አስካለ፣ ጎረቤቱ ሁሉ... እኔም አጠገቧ ነበርኩ።»

አየኝ። ክሩን ወደ መጀመሪያው መለሰው፣ ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተው፣ ጆሮውን ቴፑ ላይ ለጥፎ ከእናታችን ቃል መሐል መሐል እኛን መፈለግ ጀመረ።